እናትዎ ኪኒኑን ለምን ደበቁት?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አንባቢ የላኩት ጥያቄ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ግፊትና ስኳር አለባት። የክትትል ቀጠሮዋን አታሳልፍም፣ መድኃኒቷን ሳትይዝም አትመለስም። ባለፈው ሳምንት ነጠላዋን ላጥብላት ሳጥኗን ስከፍት፣ ሙዳይ ሙሉ ያልተነካ ኪኒን አገኘሁ። የሁለት ወር ይሆናል። ስጠይቃት 'እወስዳለሁ እኮ!' ብላ ተቆጣችኝ። ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ መጠኑን ጨምሮላት ነበር። የታዘዘላት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ የሚያሸናው ኪኒን፣ ሜትፎርሚን እና ግሊቤንክላሚድ ነው። አሁን ሁዳዴ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ወንድሜ 'ፈጭተን በጁስ እንስጣት' ይላል። እርጅና ነው ወይስ እልህ? ምን እናድርግ?»

ወንድምዎ ያሰቡትን አታድርጉ። ከእሱ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተናድዳችሁ ከነገ ጠዋት ጀምሮ አምስቱንም ኪኒን ቆማችሁ እንዳታስውጧቸው።

ምክንያቱ ይኸው። ሐኪሙ መጠኑን የጨመረው እናትዎ መድኃኒቱን እየወሰዱ ግፊታቸው እምቢ ያለ መስሎት ነው። ካርዱ መድኃኒት ወስደዋል ይላል። መለኪያው ከፍ ብሎ ያሳያል። ስለዚህ ጨመረ፣ ምን ያድርግ? አሁን ማዘዣው ላይ ያለው መጠን የእናትዎ ሰውነት ሞክሮት የማያውቅ መጠን ነው። ሁለት ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ያለ መድኃኒት በከረመ ሰውነት ላይ ሦስት የግፊት መድኃኒት በአንድ ቀን ቢገባ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ጭው ይልባቸውና ይወድቃሉ። በ72 ዓመት የዳሌ አጥንት መሰበር ቀላል ነገር አይደለም።

ግሊቤንክላሚዱ ደግሞ ይብሳል። ይህ ኪኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋፋል። ሰውየው በላ አልበላ ብሎ አይጠይቅም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጠው እስከ 9 ሰዓት ምንም ካልቀመሱ ስኳራቸው ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ኩላሊቱ ስለሚደክም መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ አንዴ የወረደ ስኳር፣ ስኳር በጥብጠው ሰጥተዋቸው ከተሻላቸው በኋላም፣ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ጁሱ ልመለስ። ሁሉም ኪኒን አይፈጭም። በቀስታ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ኪኒን አለ። ለምሳሌ ኒፌዲፒን ሪታርድ የሚባለው የግፊት ኪኒንና አንዳንዱ የሜትፎርሚን ዓይነት እንዲህ ነው። እሱን ሲፈጩት የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሁለተኛ፣ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት መውሰዱን የማያውቅ ሰው ቢያልበውና ቢንቀጠቀጥ ምን እንደያዘው አያውቅም። 'ደከመኝ' ብሎ ይተኛል። ሦስተኛ፣ የእናትዎን ጾምና በእናንተ ላይ ያላቸውን አመኔታ አስቡ። ተደብቆ የተሰጣቸውን ነገር አንድ ቀን ያውቃሉ፤ እናት መቼም ሳታውቅ አትቀርም። ከዚያ በኋላ ከእናንተ እጅ ውሃ እንኳ ተጠራጥረው ነው የሚጠጡት። አእምሯቸው ጤነኛ የሆነ ሰው ናቸው። ደብቆ ማጠጣት ለማንም አልመክርም።

እርጅና ነው ወይስ እልህ ብለዋል። ከጻፉልኝ ስነሳ ሁለቱም አይመስለኝም።

የሚረሳ ሰው የኪኒኑ ስትሪፕ (እሽጉ) ሲታይ ያስታውቃል። አንዱ ሦስት ጎድሎታል፣ ሌላው አንድ ጎድሎታል። አንዱ ትራስ ሥር ነው፣ ሌላው ጓዳ። የእናትዎ ግን አልተነካም። በሥርዓት ሙዳይ ውስጥ ገብቷል። ቀጠሮ አያሳልፉም። ይህን መርሳት አልለውም፤ ውሳኔ ነው። (ድስት እያሳረሩ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግመው እየጠየቁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ እየጠፋባቸው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የማስታወስ ችሎታቸው ይመርመር።)

እልኸኛ ሰው ደግሞ አይደብቅም። 'አልወስድም' ብሎ ፊት ለፊት ይናገራል። የሚደብቅ ሰው ቅር እንዲለው የማይፈልገው ሰው አለ። እናትዎ ሐኪሙን ላለማስቀየም፣ እናንተንም ላለማስጨነቅ ቀጠሮ ይሄዳሉ። የሚጎዳኝ ነው ብለው ያሰቡትን ደግሞ በሙዳይ ያስቀምጣሉ። በእሳቸው ሂሳብ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል።

ይህ የእናትዎ ወይም የእኛ አገር አመል ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱት ሕሙማን በአማካይ 50 በመቶ ገደማ መሆናቸውን ጽፏል። ለግፊት መድኃኒት የጠቀሰው ቁጥር ለአሜሪካ 51፣ ለቻይና 43፣ ለጋምቢያ 27 በመቶ ነበር። ስለዚህ 'የእኛዋ ብቻ ናት እንዲህ' ብላችሁ አትሳቀቁ።

ታዲያ ምክንያታቸው ምንድን ነው? ፋርማሲስት ነኝ፤ መስኮቴ ላይ ስቆም የምሰማውን ልንገርዎ።

ከአምስቱ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሚያሸናውን ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (የሚያሸናው ኪኒን) ጠዋት ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። እናትዎ በዚያን ሰዓት የት ናቸው? ሁዳዴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይሆናሉ። አንዲት ትልቅ ሴት በሕዝብ መሃል ደጋግማ ወጥታ ሽንት ቤት መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብዳት አስቡት። አንዳንዴም ሳይደርሱ ያመልጣቸዋል። ይህን ደግሞ ልጃቸው ለሚሆን ወጣት ሐኪም አይነግሩትም። ለእርስዎም ላይነግሩ ይችላሉ። የሚቀለው ኪኒኑን መተው ነው። ከመርዓዊ ወይም ከአዴት በሚኒባስ የሚመጡ እናቶች የቀጠሮ ቀን ጠዋት ይህን ኪኒን አይነኩም። ከዘጌ በጀልባ የሚመጡት ደግሞ ይብስባቸዋል። መሃል ሐይቅ ላይ 'አውርደኝ' አይባል ነገር! ሐኪሙ የሚለካው ታዲያ ያልተወሰደ መድኃኒት ውጤት ነው።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ማዛወር ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከገበያ ተመልሰው ቤታቸው ሲረጋጉ ይውሰዱት። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ባይሆን ይመረጣል፤ ሌሊቱን ሲነሱ ያድራሉ። ይህም ካልሆነላቸው ሐኪሙ በሌላ ሊቀይረው ይችላል። ግን መጀመሪያ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። እዚህ ላይ ከእናትዎ ጎን እቆማለሁ። እስከ 9 ሰዓት እየጾሙ ግሊቤንክላሚዱን ጠዋት ያልወሰዱት ባጋጣሚ ወይም በልምድ ከሆነ ራሳቸውን አድነዋል። ምናልባት አንድ ቀን ወስደው፣ መሃል ቅዳሴ ላብ አጥምቋቸው፣ ጉልበታቸው ተንቀጥቅጦ ያውቃል። ከዚያ 'ይኼ መድኃኒት ሊገድለኝ ነው' አሉ። አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት አምስቱንም አብረው መተዋቸው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላሚድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይስማማ አስፍሯል። በእኛ አገር አሁንም የሚታዘዘው ርካሽ ስለሆነና ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ ይህን መድኃኒት በተመለከተ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁት። ግሊክላዛይድ የሚባል ሻል ያለ አማራጭ አለ፤ እሱም ቢሆን ያለ ምግብ አይወሰድም። ሜትፎርሚን ብቻውን ከሆነ ስኳርን በዚያ መጠን አያወርድም። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድም ብዙ አያውክም።

ስለ ጾሙ ራሱ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። የንስሐ አባታቸው ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ቦታ አላት። ችግሩ ብዙ እናቶች የንስሐ አባታቸውን ሳይጠይቁ ራሳቸው ላይ መፍረዳቸው ነው። እርስዎ አይከራከሯቸው። አብረዋቸው ይሂዱና ስኳር እንዳለባቸው፣ የሚወስዱትም መድኃኒት ምን እንደሆነ ለአባታቸው ይንገሩ። የሚቆርቡ ከሆነ ደግሞ የዚያን ሌሊትና ጠዋት መድኃኒት አስቀድመው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት፤ 18 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ለስኳር በሽተኛ ትልቅ ነገር ነው። ካፕሱልን 'ሽፋኑ ከእንስሳ ነው' ብለው በጾም የሚተዉም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አብዛኛው ካፕሱል የሚሠራው ከጄላቲን ነው። የእናትዎ መድኃኒቶች ግን ኪኒን ናቸው። ረመዳን ለሚጾሙ እናቶችና አባቶችም ጉዳዩ ያው ነው። መድኃኒቱ ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር እንዲሄድ ጾሙ ሳይገባ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ገንዘብ። ይህን ማንም እናት ለልጇ አትናገርም። አገራችን መድኃኒቷን በብዛት ከውጭ ነው የምታስገባው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የኪኒን ዋጋ ሲጨምር በመስኮቴ አይቻለሁ። ጤና መድን ያለው ሰው እንኳ የመንግሥት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቱ ሲያልቅ ከግል ይገዛል። እናቶች ያኔ ማብቃቃት ይጀምራሉ። በየቀኑ የሚዋጠውን በሁለት ቀን አንዴ ያደርጉታል። አንዱን ለሁለት ይከፍሉታል። 'ለኔ ከምታወጡ ለልጆቹ ደብተር ግዙበት' የሚል ሐሳብ በሆዳቸው ይይዛሉ። የእናትዎ ኪኒን ከፋርማሲ ወጥቶ ስለተቀመጠ ገንዘብ ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። ግን ለክፉ ቀን እያጠራቀሙ ሊሆን ይችላል። ያለፉት ዓመታት መንገድ የሚዘጋበትን፣ መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበትን ሳምንት አሳይተውናል። በዚያ ያለፈ ሰው ጥቂት ቢያስቀምጥ አይገርምም። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፦ የጤና መድን መታወቂያቸው ለዘንድሮ ታድሷል? ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍን እንደሚችልም ይወቁ።

'ዳንኩ' የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ወባ ሲይዘን፣ ሳል ሲበረታብን ኪኒኑን ጨርሰን እንድናለን። መድኃኒት ማለት ለአብዛኞቻችን ያ ነው፤ ይጀመራል፣ ያልቃል። ግፊት ግን አያምም። 'ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ የለም' የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ሲለካ 180 ይላል። መድኃኒቱ ግፊቱን አያጠፋውም። በተወሰደበት ቀን ይይዘዋል፣ ከተተወ ተመልሶ ይወጣል። 'ከጀመርኩት አልላቀቀውም' ብለው የሚፈሩም አሉ። ይህ ሱስ አይደለም። መነጽርም ቢያወልቁት ዓይን ያው ነው፤ መነጽር ሱስ አስያዘኝ የሚል ሰው ግን አላየሁም።

የጎንዮሽ ጉዳቱን በአጭሩ ላንሳ። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። 'ብርድ መታኝ' እያሉ ወራት ይስላሉ። አምሎዲፒን፣ በተለይ መጠኑ 10 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። 'ኩላሊቴን ነካው' ብለው ይደነግጣሉ። ሁለቱም ይቀየራሉ። እናትዎ ይስላሉ? ማታ ማታ ጫማቸው ይጠብባቸዋል? እስኪ ይመልከቱ።

ጠበሉን በተመለከተ፣ ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለኤችአይቪ የተባለው ለግፊትም አይቀርም። እናትዎ ይህን ከእኔ ሳይሆን ከካህን ቢሰሙት ይሻላል። ሽፈራው ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ምግብ ናቸው፣ ይበሉ። በማዘዣው ቦታ ግን አይገቡም።

አንዳንዴ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። ሥራ በጀመርኩ ጊዜ ለአንድ አባት የመድኃኒት ፖስታ ላይ '1×2' ብዬ ጻፍኩ። በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ማለቴ ነው። ከወር በኋላ ሦስት አራተኛውን መልሰው ይዘው መጡ። 'አንድ ኪኒን በሁለት ቀን አላልክም እንዴ?' አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ። እናትዎም ማንበብ ካስቸገራቸው፣ ወይም የዓይን ሞራ ካለባቸው፣ አምስት ነጭ ክብ ኪኒን ለይተው መያዝ አይችሉም። አንዱ መድኃኒት ደግሞ ዛሬ ከአንድ ፋብሪካ፣ በሚቀጥለው ወር ከሌላ ይመጣል። ካርቶኑም መልኩም ይቀየራል። 'የተሳሳተ ሰጡኝ' ብሎ የሚተው አለ። ሁለቱን የተለያዩ መስለውት አብሮ የሚውጥም አለ።

አንድ ምክንያት ቀረኝ፣ እሱም ሐዘን ነው። ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የቀበሩ፣ 'ከዚህ ወዲያ ለምኔ' ያሉ እናቶች መድኃኒት ይተዋሉ። ምግብ ከቀነሱ፣ ከቡና ጎረቤት ከራቁ፣ ሌሊት እንቅልፍ ካጡ ይህን አይለፉት። ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ሕክምና አለው።

አሁን ምን ያድርጉ?

ዛሬ ወይም ነገ፣ ጎረቤት ቡና ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ፣ ብቻቸውን ያነጋግሯቸው። ወንድምዎ ባይኖሩ ይሻላል። ሙዳዩን እንደ ኤግዚቢት ፊታቸው አያስቀምጡ። 'ትወስጃለሽ ወይ?' ብለው አይጠይቁ፤ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል። ይልቅ 'እማዬ፣ ከአምስቱ የትኛው ነው የማይስማማሽ?' ይበሏቸው። ይህ ጥያቄ በር ይከፍታል። ካልመለሱ 'እንትና ያ የሚያሸናው ኪኒን አስቸገረኝ ስትል ሰማሁ' ብለው ይጀምሩ። የሰው ታሪክ ሲነሳ የራሳቸውን ያወራሉ። ሲያወሩ አያቋርጧቸው። 'ሐኪሙ እኮ ከአንቺ ያውቃል' ያሉ ቀን ጨዋታው አለቀ።

ቀጥሎ፣ የወሩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ወደሚከታተሉበት ቦታ ይውሰዷቸው። ፈለገ ሕይወት ይሁን፣ ጥበበ ግዮን ይሁን፣ ጤና ጣቢያ ይሁን፣ ያው ነው። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከግል የተገዛውንም፣ ጎረቤት የሰጠውንም በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለሐኪሙ 'ላለፉት ሁለት ወራት አልወሰዱም' ብለው በግልጽ ይናገሩ። እናትዎ እንዳያፍሩ አስቀድመው አስፈቅደዋቸው፣ ቢቻል እሳቸው ራሳቸው እንዲናገሩት ያድርጉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ምርመራ ይበልጣል። ሐኪሙ የጨመረውን ይቀንሳል። ግፊታቸውን ተቀምጠውም ከቆሙ በኋላም እንዲለካ ይጠይቁ። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ መድኃኒቱ በጥንቃቄ ነው የሚጀመረው። የኩላሊት ምርመራና የሦስት ወር አማካይ ስኳር ቢታይም ጥሩ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁት። የትኛውን መተው እንችላለን? የትኞቹ በቀን አንዴ ሊሆኑ ይችላሉ? ሁለቱ በአንድ ኪኒን የተዋሃዱ አሉ? ከአምስቱ ወደ ሦስት ቢወርድ ትልቅ ድል ነው። የሚወሰድበትንም ሰዓት ከእናትዎ ቀን ጋር ያገጣጥሙት። በፍስክ ከጠዋቱ አቦል ጋር፣ በጾም ደግሞ ከ9 ሰዓቱ ምግብ ጋር ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ይፈቅድ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። የኪኒን ሣጥን መግዛት ግዴታ አይደለም። ሰባት ትንንሽ ፖስታ ላይ የቀናቱን ስም ጽፈው እሑድ እሑድ አብራችሁ ብትሞሉ ይበቃል። የኪኒኑ ሽፋን ግን አይቀደድ፤ ስትሪፑን ቆርጠው ይክተቱት።

ሁሉም ተነግሯቸው፣ ሁሉም ገብቷቸው 'ሦስቱን እንጂ አራተኛውን አልወስድም' ቢሉስ? መብታቸው ነው። ያኔ ሐኪሙ ዋነኞቹን ይምረጥላቸው። እናትዎ የሚውጧት ሁለት ኪኒን፣ ሙዳይ ውስጥ ካለችው አምስት የበለጠ ትሠራለች። ከዚህ በላይ ማስገደድ አልመክርም። ቢሞክሩም አይሆንም።

ሐኪሙ ጋ እስክትደርሱ የተጠራቀመውን ኪኒን በቤት አትጀምሩ፤ ግፊታቸውን ግን አስለኩ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ይለካ። 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን መጨለም ከመጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከከበደ፣ ንግግር ከተሳሰረም እንዲሁ፤ 'እስኪነጋ' አይባልም። ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ወስደው ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ከታየባቸው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው፣ ቀጥሎም ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አያድርጉ፤ ይዘዋቸው ይሩጡ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ሌሎች ልጆችም ይኖራሉና አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ፕሬድኒሶሎን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና ኢንሱሊን በድንገት አይቋረጡም። ወላጅዎ ከእነዚህ አንዱን ትተው ካገኟቸው ቀናት አይጠብቁ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ያነጋግሩ።

ሙዳዩ ውስጥ ያለውንስ? አይጣል፣ ለጎረቤትም አይሰጥ። ግፊት ያለባት የቡና ጎረቤት 'አንድ ስትሪፕ አበድሪኝ' ማለቷ አይቀርም፤ የእሷ መጠን የእናትዎ መጠን አይደለም። በፌስታሉ ይዘውት ይምጡ። ፋርማሲስቱ የአገልግሎት ጊዜውን አይቶ የሚቀጥለውን ከሚቆመው ይለይልዎታል። ከሚቀጥለው ውስጥ ጊዜው ያላለፈ ካለ ለሚመጣው ወር ሳይገዙ ይጠቀሙበታል።